ከቡና ገለፈት ኤንዛይም አምርቶ መሸጥ ያዋጣል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልን። ሦስት ጓደኛሞች ነን። በባዮቴክኖሎጂ ተመርቀን ጅማ ነው ያለነው። እዚህ ጀንፈል የሚፈለፈልበት ቦታ ሁሉ የቡና ገለፈት እንደ ተራራ ተከምሮ ይቃጠላል። ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከዚሁ ገለፈት ላይ ሻጋታ ለይተን፣ በፍላስክ አሳድገን ሴሉሌዝ፣ ማለትም የዕፅዋትን ቃጫ የሚቆርጠውን ኤንዛይም፣ አውጥተናል። ውጤቱ ጥሩ ነበር። አሁን ወደ ቢዝነስ ልንለውጠው አስበናል። በብዛት ማምረት ይቻላል ወይ? ማን ይገዛናል? ከየት እንጀምር?»

ጤና ይስጥልኝ። አጭሩ መልስ፣ ይቻላል። ግን በገለፈቱ ባትጀምሩ፣ ሴሉሌዙንም ብትተዉት፣ ከገለፈቱ ላይ ያገኛችሁትንም ሻጋታ ለሽያጭ ባትጠቀሙበት ነው የምመክረው። ሦስት ነገር በአንዴ ስለቀማኋችሁ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ሦስቱ ቢቀሩም ሥራው አለ። እንዲያውም የተሻለ ሥራ ነው።

ሌላም አንባቢ ስላለ ከመሠረቱ ልነሳ። እዚህ የምናወራው ኤንዛይም ሕያው ነገር የሚያመርተው፣ ትልቁን ነገር ወደ ትንንሽ የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው። እሱን ማምረት ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም። እናቴ ጠላ ልትጠምቅ ስታስብ መጀመሪያ ገብሱን ትነክራለች። ከዚያ በኮባ ቅጠል ሸፍና ታበቅለዋለች። ብቅል የምንለው፣ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጥ ኤንዛይም ያዘጋጀ እህል ነው። ሻጋታም የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው። ሻጋታ አፍም ሆድም የለውም። ምግቡን የሚፈጨው ከሰውነቱ ውጭ ነው። ኤንዛይሙን ወደ ውጭ ይለቅና ምግቡ ሲሟሟ ይመጠዋል። ለእኛ ትልቁ ዕድል ይህ ነው። ኤንዛይሙን ለማግኘት ሴሉን መስበር አያስፈልገንም። የሻገተውን ነገር በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ ይበቃል። አንዳንዴ ያም አያስፈልግም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ይህን ነገር ከጓዳ ወደ ፋብሪካ ካሻገሩት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ ነው። በ1890 (የውጭውን ታሪክ ዓመት ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ወደ አሜሪካ ሄደ። ጃፓኖች ሩዝ ላይ የሚያሳድጉትን ኮጂ የተባለ ሻጋታ ይዞ ነበር። ሐሳቡ በውስኪ ጠመቃ ብቅሉን በዚህ ሻጋታ መተካት ነው። ሩዙን ትቶ ከዱቄት ፋብሪካ የሚተርፈውን የስንዴ ፉርሽካ ተጠቀመ። በ1894 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘበት። የውስኪው ነገር አልሰመረለትም። ኤንዛይሙ ግን ታካ ዳያስቴዝ ተብሎ፣ ለምግብ መፈጨት የሚረዳ መድኃኒት ሆኖ በፓርክ ዴቪስ ኩባንያ በኩል ተሸጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሻጋታው አንድ ነው፣ ፉርሽካውም አንድ ነው፤ የተቀየረው ገዢው ነው። ከ130 ዓመት በኋላም ፉርሽካን የሚያህል መነሻ ብዙ የለም።

ፉርሽካ ለምን? ፕሮቲን አለው፤ ከመቶ 15 አካባቢ ነው። ትንሽ ስታርች ስላለው ሻጋታው ቶሎ ይነሳበታል። ልቅ ስለሆነ አየር ያስተላልፋል። የቡና ገለፈት ግን ካፌይንና ታኒን አለበት። ብዙ ሻጋታዎች ይደናበሩበታል። የሚችሉትም ቢሆኑ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። እናንተ ያገኛችሁት ሻጋታ ገለፈቱን ለምዶ የኖረ ስለሆነ አድጎላችኋል። የሚሰጣችሁ ኤንዛይም ግን በፉርሽካ ላይ ብታሳድጉት ከሚሰጣችሁ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ጎን ለጎን ሞክሩት፤ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ በአጭሩ ልለፈው። አንድ ኪሎ ፉርሽካ፣ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ውሃ። ልኩን በእጅ ማወቅ ይቻላል። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል። እጃችሁን ስትከፍቱት ከተበተነ አንሷል። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ነካ ስታደርጉት መፈርፈር አለበት። ከዚያ በእንፋሎት ማምከን፣ ማቀዝቀዝ፣ በአንድ ግራም ከአንድ እስከ አሥር ሚሊዮን ስፖር (የሻጋታው ዘር) መዝራት፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ማቆየት ነው።

ማምከኑ ላይ ግን ጅማ ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ያ የሚሠራው በባሕር ጠለል ነው። የአውቶክሌቩ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት የምናመክንበት ዕቃ፣ ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የውጭው አየር ራሱ ቀላል ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለማግኘት ወደ 18 ፒኤስአይ መውጣት አለባችሁ፤ ዕቃው የሚችል መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። ካልቻለ ጊዜውን አርዝሙ። ፉርሽካ ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ሙቀት ወደ መሃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ብዙ ተማሪ «ባክቴሪያ አስቸገረኝ» የሚለኝ ከዚህ የተነሳ ነው። በበርሜል ማፍላትማ ጭራሽ ማምከን አይደለም። በእናንተ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በፍላስክና በጆንያ መካከል የቆመው ሙቀት ነው።

ማስተርሴን ስሠራ በፍላስክ አሥር አሥር ግራም ፉርሽካ ላይ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ደስ ብሎኝ በአንድ ጊዜ ወደ 20 ኪሎ ዘለልኩ። የእንጨት ሳጥን አሠራሁ። 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ሞላሁት፣ ዘራሁት፣ ክፍሉን 30 ዲግሪ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ማታ ሳየው ነጭ በነጭ ሆኖ አምሮበታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት አፍንጫዬን የመታኝ ጥሩው የእንጉዳይ ሽታ አልነበረም። የሽንት ቤት ሽታ ነበር፣ አሞኒያ። ላዩ አሁንም ነጭ ነው። እጄን ወደ መሃሉ ሰደድኩ፤ ገንፎ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ፣ ወዲያው መዘዝኩት። ቴርሞሜትር ስሰካበት 54 ዲግሪ አለ። ውስጡ ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ሆኗል። ሻጋታው በራሱ ሙቀት ሞቷል፤ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ወርሰውታል። የአንድ ሴሚስተር ሥራዬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ግን በዚያች ደቂቃም 30 ያሳይ ነበር።

ምን ሆነ? ሻጋታ ሲያድግ እንደ እኛ ይተነፍሳል፣ ስኳር ያቃጥላል። አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 15,600 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወጣዋል። ይህ ከስድስት ሊትር በላይ ውሃ ለማትነን ይበቃል። አሥር ግራም ፍላስክ ላይ ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል። 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ላይ ግን መውጫ የለውም፤ ፉርሽካ ራሱ ብርድ ልብስ ነው። እርጥብ ጭድ ከምራችሁ እጃችሁን ውስጡ ከታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ያው ነው። ብቅል የሚያበቅሉ እናቶችም ይህን ያውቃሉ። ሲግል ይበትኑታል፣ ያናፍሱታል።

ስለዚህ መጀመሪያ በትሪ ሥሩ። ውፍረቱ ከሦስት እስከ አራት ሳንቲሜትር አይለፍ። ከላይም ከታችም አየር ያግኘው፤ ታቹ ቀዳዳ ያለው ትሪ ይሻላል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር አንዴ አገላብጡት። ጃፓኖች ኮጂውን የሚያገላብጡት ለዚህ ነው። ደጋግማችሁ ግን አታገላብጡ፤ የሻጋታው ክር ይበጣጠሳል።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ሙቀቱን በዋናነት የሚወስደው የሚተነው ውሃ ነው። ውሃው በተነነ ቁጥር ደግሞ ፉርሽካው ይደርቃል። አሥር ኪሎ ፉርሽካ በአሥር ሊትር ውሃ አራሳችሁ እንበል። ሻጋታው ከዚያ ውስጥ አንድ ኪሎውን ብቻ ቢያቃጥል ሙቀቱን ለማስወጣት ከግማሽ በላይ ውሃችሁ ይሄዳል። ደረቅ አየር በፋን ብትነፉበት ይቀዘቅዛል፣ ግን በአንድ ሌሊት ይደርቃል። እርጥብ አየር ብትነፉበት አይደርቅም፣ ግን ብዙም አይቀዘቅዝም። መፍትሔው ሁለቱን ማመጣጠን ነው። በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ያለፈ አየር፣ ሲገላበጥ ደግሞ ትንሽ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ርጭት። በትልልቅ ፋብሪካ ያሉ ውድ መሣሪያዎች ሁሉ የሚታገሉት ከዚሁ ነገር ጋር ነው። የጅማ የሌሊት አየር ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ትልቅ ሀብታችሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ ስስ ትሪ ከሆነ ግን ጥቂት ሰዓት ይታገሳችኋል። በወፍራሙ የተሞላ ፉርሽካ አይታገስም።

ወደ ሻጋታው ልመለስ። ከገለፈት ላይ የለያችሁት ምንድን ነው? «አስፐርጊለስ» ብላችሁ ከሆነ የትኛው አስፐርጊለስ? ጃፓኖች ለሺህ ዓመት የበሉት አስፐርጊለስ ኦራይዜና መርዘኛው አስፐርጊለስ ፍሌቨስ በዓይንም በማይክሮስኮፕም ወንድማማች ናቸው። ፍሌቨስ አፍላቶክሲን ያመርታል፤ አፍላቶክሲን ጉበት ይገድላል፣ ካንሰር ያመጣል። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የፈረንጅ ዶሮዎች (ተርኪ የምንላቸው) በአንድ ጊዜ አለቁ። ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። አፍላቶክሲን የታወቀው በዚያ አጋጣሚ ነው። የእኛም ኑግ ፋጉሎ በዚሁ መርዝ ይታማል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ከፋጉሎው ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ እንደሚያልፍ ታይቷል። አስፐርጊለስ ናይጀር የተሻለ ስም አለው፣ ሆኖም ከእሱም ውስጥ ኦክራቶክሲን የሚያመርቱ ዝርያዎች አሉ።

ስለዚህ ከክምር ላይ ያገኛችሁት ሻጋታ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፣ ሰው ወይም እንስሳ ወደሚበላው ነገር ግን አይግባ። ቁጥርና ታሪክ ያለው ዝርያ ከታወቀ የዝርያ ማከማቻ ውሰዱ። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የረቂቅ ተሕዋስያን ክምችት አለው፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። የራሳችሁን ሻጋታ ካልተዋችሁት ደግሞ በዘረመል ይለይ፣ መርዙም ይመርመር፤ ከዚያ እንነጋገራለን። በዚህ ጉዳይ ላይ አልለሳለስም።

ስለ ራሳችሁ ጤናም እንዲሁ። ናይጀር ሲጎመራ ጥቁር ስፖር ያወጣል፤ ክፍሉ በአቧራ ይሞላል። ሳትጠቁር፣ ገና ነጭና ቢጫ ሳለች ሰብስቧት። ማስክ አድርጉ፤ የቀዶ ጥገናውን ስስ ማስክ ሳይሆን ለአቧራ የተሠራውን። የደረቀ ኤንዛይም ብናኝም አለርጂ ያስነሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤንዛይም ያለው የልብስ ሳሙና በሚያመርቱ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በአስም የታመሙት ከዚህ ብናኝ ነው።

«ውጤቱ ጥሩ ነበር» ያላችሁትን ደግሞ እንደገና እንድታዩት እለምናችኋለሁ። ሴሉሌዝን የለካችሁት ኤንዛይሙ ወረቀት እንዲቆርጥ አድርጋችሁ፣ ስኳር ሲያገኝ ቀለሙ በሚቀየረው ዲኤንኤስ በተባለ ኬሚካል ከሆነ፣ ቀለሙ የሚነግራችሁ ስንት ስኳር እንዳለ እንጂ ኤንዛይሙ ስንት ስኳር እንደለቀቀ አይደለም። ከፉርሽካም ሆነ ከገለፈት በውሃ ያወጣችሁት ጭማቂ ውስጥ አስቀድሞ ስኳር አለ። ወረቀቱ የሌለበት፣ ኤንዛይሙ ብቻ ያለበት መቆጣጠሪያ ሠርታችሁ ካልቀነሳችሁ ያንን ስኳር ሁሉ ለኤንዛይሙ ትሰጡታላችሁ። ብዙ ጽሑፍ ገምግሜያለሁ። ይህ ሲስተካከል ቁጥሩ በግማሽ የወረደበትን አይቻለሁ።

አሁን ገበያው። ሴሉሌዝን ለምን ተዉት አልኩ?

በዓለም ገበያ ያለው ሴሉሌዝ በብዛት የሚመጣው ትራይኮደርማ ሪሴይ ከሚባል ሻጋታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳን እየበሰበሰ አስቸገረ። ኤልዊን ሪስ የተባለ የጦሩ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ተከታተለው፤ ሻጋታውም በስሙ ተጠራ። ከዚያች አንዲት ዝርያ ተነስተው ለአሥርተ ዓመታት አሻሻሏት። ዛሬ በፋብሪካ ታንከር ውስጥ በአንድ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን ታወጣለች። ከዚህ ጋር በትሪ ልትወዳደሩ አትችሉም። የሐዋሳ ወይም የአዲስ አበባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከእናንተ የሚፈልገው ንጹህ፣ ጥራቱ ከወር ወር የማይለያይ ፈሳሽ ነው። እሱን ለመስጠት ማጣሪያ፣ ማጎሪያ፣ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ገንዘቡን የሚበላው ሻጋታ ማሳደጉ አይደለም፣ ይህ ነው።

ቡና አካባቢ ስላላችሁ ፔክቲኔዝ አስባችሁ ሊሆን ይችላል። በታጠበ ቡና ላይ ፍሬውን የሸፈነውን ዝልግልግ ይቆርጣል፣ የገንዳውን ቆይታ ያሳጥራል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ገንዳው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠሩታል። ወቅቱም በዓመት ጥቂት ወር ነው። ዋና መተዳደሪያ አታድርጉት።

እኔ የምላችሁ ፋይቴዝ ነው። ለዶሮ መኖ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበቆሎ፣ በስንዴ፣ በአኩሪ አተርና በኑግ ፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በተባለ ነገር ታስሯል። ዶሮ ይህን መፍታት አትችልም። ስለዚህ አርቢው ዲካልሲየም ፎስፌት ገዝቶ ይጨምራል፤ የታሰረው ፎስፈረስ ደግሞ ከኩሱ ጋር ይወጣል። ፋይቴዝ እስሩን ይፈታዋል። እግረ መንገዴን፣ የጤፍ ሊጥ ሲቦካም ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እርሾው ለሆዳችን ይህን ሲሠራልን ኖሯል። የመጀመሪያው የመኖ ፋይቴዝ በ1991 ኔዘርላንድስ ውስጥ ለገበያ ሲወጣ ምንጩ አስፐርጊለስ ናይጀር ነበር። የናይጀር ፋይቴዝ በሁለት የአሲድ መጠን ላይ ጎበዝ ነው፣ ፒኤች 5.5 እና 2.5 ላይ። ሁለቱም በዶሮ ሆድ መንገድ ላይ አሉ።

ለእናንተ የሚመቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ማጣራት የለም። የሻገተውን ፉርሽካ ከ40 ዲግሪ ብዙ ባልዘለለ ሙቀት ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ እንዳለ መኖው ውስጥ ትከቱታላችሁ። በላብራቶሪ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። አልቴክ የተባለው ኩባንያ ሜክሲኮ ሰርዳን ውስጥ ባቋቋመው ፋብሪካ በደረቅ ማብላላት (በፈሳሽ ታንከር ሳይሆን እንደ ፉርሽካ ባለ እርጥብ ነገር ላይ በማሳደግ) የመኖ ኤንዛይም ሲያመርት ኖሯል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለአንድ ኪሎ መኖ በተለምዶ 500 ዩኒት ፋይቴዝ ይጨመራል፤ ዩኒት የኤንዛይሙ የሥራ አቅም መለኪያ ነው። ለአንድ ኩንታል 50,000 ዩኒት ማለት ነው። የእናንተ ፉርሽካ በግራም 50 ዩኒት ቢኖረው ለአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ ያስፈልጋል። 100 ቢኖረው ግማሽ ኪሎ። ከውጭ የሚመጣው በግራም 5,000 ዩኒት ያለው ዱቄት ግን 10 ግራም ይበቃዋል። ስለዚህ የዋጋችሁ ጣሪያ የታወቀ ነው፦ የ10 ግራሙ ዋጋ ሲደመር የአንድ ኪሎ ተራ ፉርሽካ ዋጋ። የፉርሽካውን ለምን ደመርኩት? አንድ ኪሎው መኖ ሆኖ ስለሚበላ ነው። ፉርሽካ ዛሬ ቆሻሻ አይደለም፤ የወተት ላም ያለው ሁሉ ይሻማበታል። እናንተ ግን አታጠፉትም፣ ከነኤንዛይሙ ለመኖው ትመልሱታላችሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዱቄት በብር ስንት እንደደረሰ መኖ አቀነባባሪዎቹን ጠይቁ። ያን ቁጥር ሳትይዙ አንድም ትሪ አትግዙ።

ሁለት ጥንቃቄ። ገዢያችሁ መኖውን በዱቄት የሚሸጥ ይሁን። በእንፋሎት ጠፍጥፎ በፍሬ መልክ የሚያወጣው ከሆነ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ስለሚደርስ ኤንዛይማችሁ እዚያው ይሞታል። ሁለተኛ፣ ከሴሉሌዝ ሥራችሁ የለመዳችሁትን የጨው ውህድ ፉርሽካው ላይ አታፍስሱ። በውስጡ ፖታሲየም ፎስፌት አለ። ናይጀር ዝግጁ ፎስፌት ካገኘ ፋይቴዝ የማምረት ጉዳይ አያሳስበውም፤ ራብ ሲሰማው ነው የሚያመርተው። ብዙ ልጆች በዚህ ብቻ ወራት ሲያባክኑ አይቻለሁ። ሲለካም ያው የመቆጣጠሪያው ነገር አለ። ፉርሽካ የራሱ ብዙ ፎስፌት አለው፣ እሱን ቀንሱ።

ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ ፈቃድ አለ። የመኖ ቁጥጥር የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው የሚመለከተው። ዝርያው የታወቀና የተመረመረ መሆኑ የሚያስፈልጋችሁ እዚያም ነው።

ገለፈቱስ? ዶሮ መኖ ውስጥ አትክተቱት፣ በካፌይኑና በታኒኑ ምክንያት። ግን አያሳዝናችሁ። የኦይስተር እንጉዳይ ገለፈት ላይ ጥሩ አድርጎ ይበቅላል፤ የተረፈው ኮምፖስት ይሆናል። ማብላላት ለምታውቁ ልጆች የእንጉዳይ ዘር ማዘጋጀት የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። ገለፈቱን ለማምከኛው ምድጃ ማገዶ ብታደርጉትም እኔ አልከፋም፤ ለእንፋሎት የሚወጣው ወጪ ቀላል አይደለም።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ ኪራን ማዙምዳር ሻው በ1978 ባዮኮንን ስትጀምር ከፓፓያ ፓፔይን የተባለ ኤንዛይም እያወጣች ትሸጥ ነበር። ኩባንያው ወደ ሻጋታና ወደ ደረቅ ማብላላት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሙቀቱን ችግር የሚፈታ የራሱን ማብላያ ሠራ፤ ፕላፍራክተር አሉት። በ2007 የኤንዛይም ክፍሉን ለዴንማርኩ ኖቮዛይምስ ሸጠው። ፓፓያ በጅማ ገበያ አለ። ፓፔይኑ የሚገኘው ጥሬው ፓፓያ ሲጫር ከሚወጣው ወተት ነው፣ ምንም ማብላላት አይፈልግም። ካሰባችሁበት ለብቻው ጠይቁኝ።

እንግዲህ በዚህ ወር ይህን አድርጉ። ሁለት ሦስት መኖ አቀነባባሪ ጋ ሂዱ፤ ቢሾፍቱ ድረስም ቢሆን። ፋይቴዝ ይጠቀማሉ ወይ? ስንት ይገዙታል? በዱቄት ነው የሚሸጡት በፍሬ? ከዚያ ዝርያውን አስመጡና አንድ ኪሎ ፉርሽካ በአንድ ትሪ ዝሩ፣ ሦስት ሳንቲሜትር ውፍረት። መሃሉ ላይ ቴርሞሜትር ሰክታችሁ ለአራት ቀን በየሁለት ሰዓቱ መዝግቡ። ሌሊት ተራ ግቡ፤ ሦስት ናችሁ፣ ይቻላል። ያን ሰንጠረዥ ላኩልኝ። ከ40 ዲግሪ በታች ከቆየላችሁ ሁለተኛውን ትሪ እንጨምራለን።